ለሄቪ ሜታል ድምፅ የሚስማማ የጊታር ፒክአፕ ስለ መምረጥ

(በተማሪዎች ኅብረት የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የክበቡ ጸሐፊ በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት እንቢ ለማለት ነበር። ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በዚሁ ጉዳይ ላይ ባለፈው ዓመት አፌን ከፍቼ አባሎችን ገንዘብ አስወጥቻለሁ፤ ገንዘቡም ምን እንደሆነ በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው የሙዚቃ ምሽት በአዳራሹ የነበረ ሰው ሁሉ በጆሮው ሰምቶታል። ሆኖም አሁን እንደገና በክበቡ ሣጥን ውስጥ ለአንድ ፒክአፕ የሚበቃ ገንዘብ ተጠራቅሟል። አባሎችም «ባትሪ ያለው ይገዛ» በሚሉና «ባትሪ የሌለው ይገዛ» በሚሉ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ በምግብ አዳራሽ እንኳ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ እስከ መተው ደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ደብቆ ከሚቀመጥ ገልጦ ቢናገር ለክበቡ ይጠቅማል ብዬ መጥቻለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ፒክአፕ ስል ከኋላው ዕቃ የሚጫንበትን መኪና ማለቴ እንዳልሆነ ልግለጽ። ማስታወቂያው በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «የሙዚቃ ክበብ መኪና የሚገዛ ከሆነ የእኛ ክበብ ስንት ዓመት ሲለምን የኖረው ምን ሆኖ ነው?» ሲል በቁጣ ጠይቆኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ይህ ፒክአፕ የምንለው ነገር በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የተቀበረ፣ ከክብሪት ሣጥን ጥቂት የሚረዝም ዕቃ ነው። ውስጡ ቢታይ ያለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ማግኔት አለ፤ በዙሪያውም ብዙ ሺሕ ጊዜ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። የሽቦው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 0.06 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ከራስ ፀጉር ጋር ቢያስተያዩት ልዩነቱን በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። የጊታሩ ክር ብረት ስለሆነ ማግኔቱ እሱንም በመጠኑ ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ተመትቶ በተርገበገበ ቁጥርም በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ይለዋወጣል፤ ይህም መለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያስነሣል። ማይክል ፋራደይ በ1831 ያሳየው ሕግ ይኸው ነው። የፊዚክስ መምህራችን እዚህ ስላሉ ከዚህ በላይ አልደፍርም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ማግኔቱ የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። አንድ ወንድማችን የጊታር ፒክአፕ ክራር ላይ ገጥሞ አንድም ድምፅ ሳያገኝ በመቅረቱ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሊጥለው ነበር። ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ክራሩ የተወጠረው በናይለን ክር ስለ ነበረ ነው። ናይለንም ሆነ የበገናው የአንጀት አውታር ለማግኔት እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ለእነሱ የሚስማማው በማግኔት ሳይሆን የእንጨቱን መንቀጥቀጥ በመቀበል የሚሠራው ሌላው ዓይነት ነው።

ስለዚህ ፒክአፕ የጊታሩ ጆሮ ነው ብንል አንሳሳትም። ባለፈው ዓመት እኔን ያሳሳተኝ ግን ጆሮ መሆኑን ረስቼ ጉሮሮ አድርጌ ማሰቤ ነው። ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ከባድ ስለሆነ ከባድ ኃይል ያለው ፒክአፕ ያስፈልገዋል፤ ኃይሉ በበለጠ ቁጥርም ድምፁ የዚያኑ ያህል ይከብዳል ብዬ አምን ነበር። ለናንተም የነገርኳችሁ ይህንኑ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ነው ብትሉ ትችላላችሁ።

ነገሩን ከታሪኩ ብንጀምር ይሻላል። የኤሌክትሪክ ጊታር በአሜሪካ አገር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር በሠሩት፣ ቅርጹ መጥበሻ በመምሰሉ «መጥበሻው» ተብሎ በተጠራው መሣሪያ ለገበያ ሲወጣ፣ ፒክአፑ አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ነበረው። አንድ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ክፉ አመል አለው። በአካባቢው ያለውን የመብራት ኃይል እንደ ራዲዮ አንቴና እየተቀበለ እንደ ንብ ቀፎ ያጕረመርማል። በአገራችን የመብራት ኃይሉ በሰኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ጕርምርምታው የሚመጣው በዚሁ ቁጥርና በእጥፎቹ ነው። ይህን ያላመነ አባል ባለ አንድ ጥቅሉን የክበቡን ቀይ ጊታር ይዞ በአዳራሹ ዘንግ መብራቶች ሥር ይቁም።

ለዚህ መድኃኒት ያገኘው በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር የተባለ ሰው ነው። ለፈጠራው በ1955 ማመልከቻ አስገብቶ መብቱን ያገኘው በ1959 ሲሆን፣ ፒክአፑ በጊታሮች ላይ የተገጠመው በ1957 ነበር። ዘዴው ቀላልና ውብ ነው። ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንዱ የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ከሌላው የተገለበጠ ነው፤ የማግኔታቸውም ጫፍ እንደዚሁ አንዱ ሰሜን ሌላው ደቡብ ነው። ከመብራት የሚመጣው ጕርምርምታ ማግኔቱን ስለማያውቀው በሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ሆኖ ገብቶ ይጣፋል። የክሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ተመልሶ ይገጥማልና ይደመራል። ይህ ዓይነቱ ሐምበከር ይባላል፤ ጕርምርምታን የሚቋቋም እንደ ማለት ነው። ዛሬ ለሄቪ ሜታል የሚገዛው ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ወገን ነው።

አሁን ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሄቪ ሜታል የተባለው ሙዚቃ ራሱ ሲወለድ በዚህ በሐምበከር አልተወለደም። የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ብረት በሚቆረጥበት ፋብሪካ ሲሠራ በ17 ዓመቱ መኪናው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ሰውየው ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫንበት እጅ ይኸው ቀኙ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ጣቱን እንዳያሳምመው ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ በኋላም በ1971 በወጣው በሦስተኛው አልበም ክሮቹን አላልቶ ቃኘ። የመጀመሪያውን አልበም በ1969 በለንደን ሲቀርጹ የያዘው ፌንደር ስትራቶካስተር ፒክአፑ ስለ ተበላሸበት በተጠባባቂነት ያመጣውን ጊብሰን ኤስጂ አነሣ። የዚህ ኤስጂ ፒክአፖች ፒ-90 የሚባሉት ባለ አንድ ጥቅሎች ነበሩ። በየካቲት 1970 የወጣውንና ሰው ሁሉ የሄቪ ሜታል መነሻ የሚለውን ያን አልበም ዛሬ ብትሰሙት፣ ያ ሁሉ ክብደት የመጣው ዛሬ ማንም ሻጭ «ለሜታል አይሆንም» ብሎ ከሚያስቀምጠው ፒክአፕ ነው። ክብደቱ ከቅኝቱ፣ ከተጫዋቹ እጅ፣ እስከ መጨረሻው ከተከፈተውም ማጉያ ነበር።

ታዲያ ሰዎች ለምን ፒክአፕ መለወጥ ጀመሩ? የያኔዎቹ ማጉያዎች በራሳቸው ድምፁን በብዙ አያሻክሩም ነበር። የተሻከረውን ድምፅ ለማግኘት ከጊታሩ የሚመጣው ሞገድ ብርቱ ሆኖ የማጉያውን መግቢያ መግፋት ነበረበት። ላሪ ዲማርዚዮ በ1972 «ሱፐር ዲስቶርሽን» የተባለውን ፒክአፕ ያወጣው ለዚህ ነው። ብዙ ሽቦ ጠቀለለበት፤ ብርቱ የሴራሚክ ማግኔት ጨመረበት፤ ከፋብሪካ ተገጥሞ ለሚመጣው ምትክ ሆኖ እንዲገዛም ለብቻው ሸጠው። ከእሱ በኋላ ሲሞር ዳንከንና ሌሎችም ተከተሉ። በዚያ ዘመን «ኃይል ያለው ፒክአፕ» ማለት ተገቢ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን የክበባችን ማጉያ እንኳ፣ ያ የተሰነጠቀው፣ መሻከሪያው ቁልፍ እስከ ግማሽ ሲዞር ከሚያስፈልገን በላይ ያሻክራል። የ1972 ችግር መፍትሔ ለእኛ ችግር መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ብናገር ይገባኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄጄ ለሜታል የሚሆን ፒክአፕ ብጠይቅ ሰውየው ቴስተር አምጥቶ የአንዱን ፒክአፕ ሽቦ ነካ ነካ አድርጎ «18 ኪሎ ኦም! ከዚህ የሚበልጥ አታገኝም» አለኝ። እኔም ቁጥር የሚወድ ተማሪ ስለሆንኩ በቁጥሩ ተማርኬ ገዛሁ። ጓደኞቼ ያዋጡትን ብር ሁሉ ሰጠሁ። የሙዚቃው ምሽት በደረሰ ጊዜ ዝቅ አድርገን በቃኘነው ጊታር የመጀመሪያውን ዜማ ስንጀምር ከእኔ በኩል የወጣው ድምፅ፣ ካዳመጡት አንዱ እንደነገረኝ፣ ፍሪጅ በደረጃ ላይ ሲጎተት ይመስል ነበር። ማስታወሻዎቹ አይለዩም። ከበሮው ሲመታ እኔ እጠፋለሁ፤ ከበሮው ሲያርፍ እኔ ደግሞ እጮኻለሁ። ሁለተኛው ጊታር ተጫዋቻችን ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ባልተነካ ርካሽ ጊታር እያንዳንዷ ምት ተለይታ ትሰማለት ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳፈረኝ መጥፎ መጫወቴ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ገንዘብ ነበረበት።

በኋላ ላይ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ያ ሻጩ ያነበበልኝ ቁጥር ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚነግረንም ሽቦው ምን ያህል እንደሚረዝምና እንደሚቀጥን እንጂ ፒክአፑ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አይደለም። በሽቦ መለኪያ አንድ ቁጥር የቀጠነ ሽቦ በርዝመት እኩል ቢሆን እንኳ ሬዚስታንሱ በሩብ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ዙር ሳይጨምሩ ሽቦ በማቅጠን ብቻ ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል። ምሳሌ ብንወስድ የሲሞር ዳንከን ጄቢ የሚባለው ፒክአፕ 16 ኪሎ ኦም ያህል ሲያሳይ ሱፐር ዲስቶርሽን ከ14 በታች ያሳያል፤ ነገር ግን በኃይል ከጄቢው አያንስም። ማግኔቱና ሽቦው ስለሚለያዩ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ሐምበከሮች ደግሞ 8 ኪሎ ኦም ያህል ብቻ ናቸው፤ በእነሱ የተሻከረ ድምፅ ያላገኘ ካለ ማጉያውን ያልከፈተ ነው። ቁጥሩ አንድን ፒክአፕ ከዚያው ሠሪ፣ በዚያው ሽቦና በዚያው ማግኔት ከተሠራ ሌላ ፒክአፕ ጋር ለማስተያየት ይረዳል። ከዚህ ውጭ በእሱ መግዛት ሰውን በጫማው ቁጥር ለሥራ እንደ መቅጠር ነው።

ዙር ሲበዛ የሚሆነው ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ጥቅል ከሌሎቹ አብልጦ የሚያጎላው የድምፅ ከፍታ አለው። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ያ ጎልቶ የሚሰማው ቦታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀጭኑ፣ የጥርስ ያህል የሚነክሰው የድምፁ ክፍል ይደበዝዛል፤ መካከለኛውና ወፍራሙ ይነሣል። ጊታሩ በተፈጥሮው ቀጭንና ጯሂ ድምፅ ያለው ከሆነ ይህ ያሻሽለዋል። የእኔ ጊታር ግን ከመጀመሪያው ደብዛዛ ነበር። በደብዛዛ ላይ ደብዛዛ ጨመርኩበት።

ይህ ነገር በሄቪ ሜታል ይበልጥ የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው? ማሻከር ማለት ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱን ጫፍ መቁረጡ ነው። ማጉያው የሚችለው መጠን ተወስኗል፤ ሁሉም ድምፆች በዚያ በተወሰነው በር በአንድነት ማለፍ አለባቸው። በጠባብ በር ሁሉም ሲጋፋ በሩን የሚዘጋው ወፍራሙ ነው። ወፍራሙ የጊታር ክር በተለመደው ቅኝት በሰኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲቃኝ 73፣ ባለ ሰባት ክር ጊታር ላይ ደግሞ 62 ያህል ይሆናል። ይህ ወፍራም ሞገድ በብዛት ወደ ማሻከሪያው ሲገባ ሌላውን ሁሉ ውጦ ጭቃ ያደርገዋል። ስለዚህ ከባድ ድምፅ የሚፈልግ ሰው፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢመስልም፣ ከማሻከሪያው በፊት ወፍራሙን ድምፅ ልከኛና ጭምት ማድረግ አለበት። ወፍራምነቱን ከፈለገ ከማሻከሪያው በኋላ ይጨምረው። ብዙ የሜታል ተጫዋቾች አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር የምትባለውን አረንጓዴ ፔዳል ከማጉያው ፊት የሚያስቀምጡት ስለዚሁ ነው። ፔዳሏ ራሷ ብዙ እንድታሻክር አይደለም፤ ማሻከሪያዋን ዝቅ አድርገው ወፍራሙን ድምፅ እንድትቀንስላቸው ነው። በስዊድን አገርም ኢንቱምድ የተባለው ቡድን በ1990 ባወጣው አልበም ያ መጋዝ የመሰለ ድምፅ የመጣው ከቦስ ኤችኤም-2 ፔዳል ቁልፎቹ ሁሉ እስከ መጨረሻ ተዙረው ነው፤ ለዚያ ድምፅ ብሎ ፒክአፕ የሚለውጥ ሰው በከንቱ ይደክማል።

እንግዲህ ጥሩ የሜታል ፒክአፕ ምን ዓይነት ነው? በእኔ አስተያየት ክሩ በመዳፍ ጠርዝ ታፍኖ ሲመታ ድምፁ ወዲያው ተነሥቶ ወዲያው የሚያርፍ፣ በተሻከረ ድምፅ ሁለት ሦስት ክር አብሮ ሲመታ እያንዳንዱ ክር የሚለይበት፣ ማጉያው ጸጥ ሲል እሱም ጸጥ የሚል ነው። ኃይል ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ስለ ማግኔት ብዙ ተብሏል። አልኒኮ የሚባለው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ከብረት ጋር የሚሠራ ሲሆን በቁጥር ይለያል፤ 2 ቁጥሩ ለስላሳ ነው፣ 5 ቁጥሩ ጠንከር ያለ ነው። ሴራሚኩ ከሁለቱም ይልቅ የተጨመተና ስለታም ድምፅ አለው ይባላል። በጠቅላላው እውነት ነው፤ ነገር ግን ማግኔት ብቻውን ድምፅ አይደለም። በሴራሚክ የተሠሩ ለስላሳ ፒክአፖች አሉ፤ በአልኒኮ 5 የተሠሩ ነካሾችም አሉ።

አሁን ሁለቱን ወገኖች ወደ ለያየው ጥያቄ ደርሻለሁ። ባትሪ ያለው ፒክአፕ የሚባለው አክቲቭ ሲሆን የታወቀውም ሮብ ተርነር በ1976 ባቋቋመው ኩባንያ የሚሠራው ኢኤምጂ ነው። ከእነሱም 81 ቁጥር የሚባለው በሜታል ተጫዋቾች ዘንድ እንደ መታወቂያ ካርድ ሆኗል፤ የሜታሊካዎቹ ጄምስ ሄትፊልድና ኪርክ ሐሜት፣ የስሌየሩ ኬሪ ኪንግ ለብዙ ዓመታት ይዘውታል። በውስጡ የተሸጎጠች ትንሽ ማጉያ አለች፤ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ እሷን ያንቀሳቅሳል። ማጉያዋ ስላለች ረጅም ገመድ ቀጭኑን ድምፅ አይሰርቅበትም፤ ባትሪ የሌለው ግን ገመዱ በረዘመ ቁጥር ይደበዝዛል። በጸጥታም በኩል ባለ ባትሪው በእርግጥ ይበልጣል። የዚህ ወገን ደጋፊዎች በዚህ ትክክል ናቸው፤ ባትሪ የሌለውን የምትደግፉ ወንድሞቼ ይህን ብታምኑ አትጎዱም።

ነገር ግን ጊታሩ የማን ነው? አንድ ሰው ለብቻው የያዘው ጊታር አይደለም፤ የክበቡ ነው። የባለ ባትሪው ፒክአፕ ኃይል የሚከፈተው ገመዱ ጊታሩ ላይ ሲሰካ ነው፤ ገመዱ ተሰክቶ ከቀረ ባትሪው ማንም ሳይጫወት ያልቃል። ሠሪዎቹ ለ81 ቁጥሩ የሚሰጡት የባትሪ ዕድሜ 3,000 ሰዓት ነው፤ ብዙ ይመስላል። ሲካፈል ግን 125 ቀን ነው። በክበባችን ክፍል ገመዱን ነቅሎ የሚሄድ አባል ማን እንደሆነ እስቲ እጁን ያውጣ! (ሣቅ።) ሰኔ ላይ ተሰክቶ የቀረ ገመድ ለጥቅምት ዝግጅት ምን እንደሚያስቀርልን አስቡት። ከዚህም በቀር ባለ ባትሪው 25 ኪሎ ኦም የሆኑ የድምፅ መቆጣጠሪያዎች ይፈልጋል፤ በእኛ ጊታር ያሉት 500 ናቸው፤ ስለዚህ እነሱም አብረው መለወጥ አለባቸው። ባትሪው የሚቀመጥበት ባዶ ቦታም በጊታሩ ሆድ ውስጥ የለም፤ እንጨቱ ይፈልፈል የሚል ሐሳብ የሚያቀርብ ካለ እኔ ከዚህ አዳራሽ እወጣለሁ። በ2014 ፊሽማን ሽቦ መጠቅለሉን ትቶ ጥቅሉን በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ያተመበት አዲስ ዓይነት ወጥቷል፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ኃይል ፈላጊነቱ ግን ያው ነው።

የጸጥታው ጉዳይ በሌላ መንገድ ሊሻሻል ይችላል። ሐምበከር ጕርምርምታውን በአብዛኛው ራሱ ያጠፋል። የሚቀረው ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚገባው በጊታሩ ሆድ ውስጥ ባሉት ሽቦዎች ስለሆነ፣ ሆዱን በቀጭን የመዳብ ልባጥ ለብጦ ከምድር ሽቦው ጋር ማገናኘት ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። ሌላው፣ ድምፁ ከፍ ሲል የሚመጣው ቀጭን ፉጨት፣ ጥቅሉ ልል ሆኖ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ደኅና ሠሪዎች ይህን ለማስቀረት ፒክአፑን በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነክሩታል። ኤዲ ቫን ሄለን ከሌላ ጊታር ነቅሎ በራሱ ጊታር ላይ የገጠመውን አሮጌ ሐምበከር እንዲሁ በሰም ነክሮታል። ስለዚህ ስንገዛ ሰሙን እንጠይቅ፤ በሰምና ወርቅ አገር ተወልደን ሰሙን መርሳት አይገባንም።

ስለ መግጠሙም ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። መጀመሪያ የሚለወጠው ከድልድዩ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ነው፤ ክሩ እዚያ ብዙ ስለማይወዛወዝ ድምፁ ጭምት ነው፣ የሜታል ዜማ የሚመታውም በእሱ ነው። የክሮቹ መራራቅ እንደ ጊታሩ ስለሚለይ ከመግዛት በፊት በማስመሪያ ይለካ፤ ከመጀመሪያው ክር እስከ ስድስተኛው አንዳንዱ ወደ 50፣ አንዳንዱ ወደ 53 ሚሊሜትር ነው። ሽቦውን በተመለከተ የሠሪዎቹ ቀለም አንድ አይደለም። በሲሞር ዳንከን ጥቁሩ ወደ መቆጣጠሪያው ይሄዳል፣ አረንጓዴው ወደ ምድር፣ ቀዩና ነጩ እርስ በርስ ይታሰራሉ። በዲማርዚዮ ግን ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ቀዩ ነው፣ የሚታሰሩት ጥቁሩና ነጩ ናቸው። የአንዱን ወረቀት አይቶ ሌላውን የበየደ ሰው ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱን በራሱ ላይ ስለሚዘጋው ወይም ስለሚገለብጠው፣ የቀጠነና የሚያጕረመርም ድምፅ አግኝቶ ዕቃውን ይረግማል። ራዲዮ የሚጠግኑት ሰዎች ብየዳውን ከእኛ አሳምረው ይሠሩታል፤ ወረቀቱን ግን እኛው ይዘን መሄድ አለብን።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ገንዘቡ ለጊዜው ከሣጥን እንዳይወጣ ነው። ይህን ስል ከሁለቱም ወገን ቅር የሚለው እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን የክበቡን ጊታር ትናንት ማታ ይዤ ስመረምረው ክሮቹ ዝገዋል፤ ማን እንደለወጣቸውም መቼ እንደተለወጡም የሚያስታውስ የለም። ፒክአፑ ደግሞ ከጎኑ ያለው ብሎን ስለላላ ወደ ታች ሰምጧል። የደበዘዘ ድምፅ ሰማን ብለን የተጣላነው ምናልባት በእነዚህ ምክንያት ይሆናል። ክሩ የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ ከፒክአፑ ያለው ርቀት በድልድዩ በኩል ወደ 2 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን እየጎተተ ቅኝቱን ያዛባል፣ በጣም ከራቀ ይደክማል። በግማሽ ሚሊሜትር የሚመጣው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ አዲስ ፒክአፕ ከመግዛት ይበልጣል። የእኔም ያ 18 ኪሎ ኦሙ፣ ዝቅ አድርጌ ማሻከሪያውን በሲሶ ከቀነስኩለት ወዲህ፣ ባይወደድም ይሰማል።

አዲስ ክር ተወጥሮ፣ ብሎኑ ተስተካክሎ፣ ለሁለት ሳምንት እንለማመድበት። ያለ ማሻከር የተመታውንም በስልክ እንቅረጸው፤ ጊታሩ ቀጭን ነው ወይስ ደብዛዛ የሚለውን የምናውቀው ከዚህ ነው። ከዚያም በኋላ ጭቃው ካልጠራ፣ የምደግፈው ባትሪ የሌለውን፣ ኃይሉ መካከለኛ የሆነውን፣ በሰም የተነከረ ሐምበከር ነው፤ ጊታሩ ቀጭን ሆኖ ከተገኘ አልኒኮ 5፣ ደብዛዛ ሆኖ ከተገኘ ዙሩ ያልበዛ ሴራሚክ። የሚነቀለው አሮጌ ፒክአፕ ከነብሎኑ በፖስታ ተደርጎ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ የእኔ ዓይነት ሰው እንደገና ከተነሣ መመለሻ ይሆናል።

ጊታሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በክበቡ ክፍል ይከፈታል። ካቻቢቴ ያለው አባል ይዞ ይምጣ፤ የክበቡ ካቻቢቴ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ የት እንዳለ አይታወቅም።